ወንበሩ እንዳይታጠፍ

(በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ ስለ ተማሪነት ዘመናችን እንዳወራ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። የካፌውን ሽሮ፣ የፈተና ሰሞን እንቅልፍ ማጣቱን፣ ዶርም ውስጥ የተዋዋስነውንና ያልመለስነውን ጃኬት። ያንን እራት ላይ እናነሳዋለን። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ አንድ ወንበር ልነግራችሁ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገንዘብ እጠይቃችኋለሁ። ከአሁኑ ብናገረው ይሻላል፤ ኋላ "በወሬ አዘናግቶ ኪሳችን ገባ" እንዳትሉኝ።

እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ከዚህ ግቢ በላቦራቶሪ ተመርቄ ወጥቼ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ምደባዬ መተማ ቆላ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃ ይወርዳል፤ ከዚያም በኮኪት በኩል መተማ ዮሐንስ ድረስ በጠቅላላው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ከአይከል ቁልቁል ሲኬድ ሰው አንድ በአንድ ልብሱን ያወልቃል። እኔ ጋቢ ለብሼ ተነስቼ ገንዳ ውኃ ስደርስ ሸሚዜም ከብዶኝ ነበር።

መተማን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ1889 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት መሆኗ ነው። ሁለተኛው ሰሊጥ ነው። እኛ የጤና ሰዎች ግን በሦስተኛ ነገር እናውቃታለን፤ በካላዛር። ሐኪም ላልሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በሽታውን የምታስተላልፈው ሳንድ ፍላይ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት። ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ፣ ግራሩም ሥር ትኖራለች፤ ሰው የምትነክሰው ማታ ነው። ማታ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚተኛው ማን ነው? ሰሊጥ ሊያርም፣ ሊያጭድ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ነው። ከበለሳ፣ ከእብናት፣ ከጋይንት፣ ከሊቦ ይመጣል፤ እርሻው ዳር ከረጢት አንጥፎ ይተኛል። ተነክሶ ቶሎ አይታመምም። ወራት ይቆያል። ገንዘቡን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ትኩሳቱ ይጀምረዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ግን ይመነምናል። ካልታከመ አይተርፍም። ከታከመ ደግሞ አብዛኛው ይድናል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ነገር፣ በሽታውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በቦታው መገኘት አለመገኘቱ ነው።

እኔ በተመደብኩበት ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ስሙንም የጤና ጣቢያውንም ስም አልጠራም። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከእኔ በፊት ከዚሁ ግቢ የወጡ የላቦራቶሪ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ፕሮጀክት ነበረ፤ ሐኪም እየመጣ ከታማሚው ጣፊያ በመርፌ ናሙና ይወስዳል፤ ጋሼ በጊምሳ ቀልመው ያነባሉ። እኔንም አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተምሩኝ ጀመር። ተውሳኩ በዘይት ሌንስ ሲታይ ትንሽ እንቁላል ነገር ነው፤ በውስጡ አንድ ክብ ነጥብና አንድ አጭር ጭረት አለው። ክቡን ብቻ አይተህ ካላዛር ነው ካልክ ተሳሳትክ። ጭረቱን መፈለግ አለብህ። ካጣኸው ደግሞ ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ። የማይረሳኝ ቃላቸው ይሄ ነው፦

"ልጄ፣ 'አለ' ለማለት አንድ ይበቃሃል። 'የለም' ለማለት ግን 1,000 ፊልድ ማየት አለብህ።"

"ጋሼ፣ 1,000 እኮ የአንድ ሰው ስላይድ ብቻ ስንት ሰዓት ይወስዳል?" አልኳቸው።

"የሚወስደውን ይውሰድ። እሱ ከበለሳ እዚህ ድረስ በእግሩ መጥቶ የለ?"

ፕሮጀክቱ ጊዜው አለቀና ተዘጋ። ማንንም አልወቅስም፤ ፕሮጀክት ሲጀመር ማለቂያው ቀን ተጽፎለት ነው። ጋሼም ዕድሜያቸው ደርሶ ጡረታ ወጡ። ማይክሮስኮፑ ቀረ፣ ቀለሙ ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ትምህርቴን ግን አልጨረስኩም ነበር። የሚቀጥለው ዓመት የወባ ወቅት ሲመጣ አንድ የበለሳ ልጅ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዷል፤ ትኩሳቱ አልለቀቀውም። የፈጣን ምርመራ ኪቱ አልቆብናል። በአጋጣሚ ናሙና የሚወስድ ሐኪም ተገኘና ስላይዱ እኔ እጅ ገባ። በር ላይ ስልሳ ሰው ለወባ ምርመራ ተሰልፏል። ምን ልበላችሁ፤ 1,000 ፊልድ አላየሁም። 200 ይሁን 300 አላውቅም። "የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ወንድሙ ተሸክሞ ጎንደር አደረሰው። እዚያ ያዩት ሰዎች ወዲያው ለዩት፤ መድኃኒቱም ተጀመረለት። ግን ዘግይቶ ነበር። ይህን የነገረኝ ጎንደር ይሠራ የነበረ የክፍሌ ልጅ ነው። የእኔ ስላይድ መሆኑን እሱ አያውቅም ነበር። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ አሁን ሰማ።

ይህን የምነግራችሁ ኑዛዜ ለመግባት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጋሼ ሲሄዱ እውቀቱ ለምን አብሮ ሄደ? ያቺ ወንበራቸው ባዶ ስትሆን ሌላ ሰው መጥቶ እንዲቀመጥባት የሚያስገድድ ነገር ለምን አልነበረም?

እንግዲህ ወደ ወንበሩ መጣሁ። ይህን ነገር ፈረንጅ አላስተማረንም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ሊቅ ማስተማር ሲጀምር "ወንበር ዘረጋ" ይባላል። ሞቶ ተማሪው ሲበተን "ጉባኤው ታጠፈ" ይባላል። እዚሁ ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ናት። የድጓው ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ። ከጎጃምም ከሸዋም የሚነሳ ተማሪ የመምህሩን ስም ሳያውቅ ወደዚያ ይሄዳል። መምህሩ ማንም ይሁን ማን፣ ወንበሩ እንዳለ ያውቃላ! አንዱ መምህር ሲያልፍ ካስተማራቸው አንዱ ይተካል።

ያ ወንበር ግን በአየር ላይ አልቆመም። ሪም የሚባል መሬት ነበረው። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲተክሉ ቤተ ክርስቲያኑን አሠርተው ብቻ አልሄዱም፤ አገልጋዮቹ የሚተዳደሩበት መሬትም ሰጥተዋል። እንጨቱንና ድንጋዩን ማቆም ቀላል ነው። የሚከብደው ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያ የሚቀመጠውን ሰው ማብላት ነው። መሬቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ተወሰደ። ጉባኤው ሁሉ ግን አልታጠፈም። ለምን? የጎንደርና የገጠሩ እናቶች ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ መስጠት ስላላቆሙ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በፈረንጅ አገር ኢንዶመንት የሚሉትም ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው ወይም ብዙ ሰው ሆኖ ገንዘብ ወይም ንብረት ይሰጣል። ዋናው አይነካም። በየዓመቱ ከሚያስገኘው ብቻ የአንድ ፕሮፌሰር ደመወዝና የሥራ ወጪ ይሸፈናል። ወንበሩም የሰጪው ወይም ሰጪው ሊያከብረው የፈለገው ሰው ስም ይወጣለታል። ሄንሪ ሉካስ የሚባል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ነው ያነበብኩት። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፓርላማ ተወካይ ነበር። በኑዛዜው፣ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ተገዝቶ በገቢው የሒሳብ መምህር ይቀመጥበት አለ። ወንበሩ በ1663 እ.ኤ.አ. ቆመ። በ1669 ኒውተን ተቀመጠበት። ከ1979 እስከ 2009 ደግሞ ስቴፈን ሆኪንግ። ሉካስን ዓለም ረስቶታል፤ ወንበሩ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልታጠፈም። ያውም እንደኛው በመሬት ነው የተጀመረው።

አሁን ደግሞ ወደ መተማ የሚያደርሰንን ታሪክ ልንገራችሁ። አልፍሬድ ጆንስ የእንግሊዝ የመርከብ ነጋዴ ነው። መርከቦቹ ከሊቨርፑል ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመላለሱ ነበር። መርከበኞቹና ነጋዴዎቹ በወባና በሌላም የቆላ በሽታ ያልቁበታል። በ1898 እ.ኤ.አ. በዓመት 350 ፓውንድ ለሦስት ዓመት እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባና የሊቨርፑል የቆላ በሽታዎች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሰውየው ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ንግዱን ነው ያሰበው። ግን አሰበ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያሳየው ሮናልድ ሮስ እዚያ መምህር፣ ቀጥሎም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1903 እ.ኤ.አ. ሌይሽማን የተባለ የጦር ሐኪምና ዶኖቫን የተባለ በሕንድ የሚሠራ ሐኪም ያገኙትን ተውሳክ "ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ" ብሎ የሰየመው ይኸው ሮስ ነው። አያችሁ? ጋሼ በመተማ ቆላ ጭረቱን ፈልግ ይሉኝ የነበረው ተውሳክ ስሙን ያገኘው አንድ ነጋዴ ለሠራተኞቹ ጤና ባወጣው ገንዘብ ከቆመ ትምህርት ቤት ነው።

በዚያው ትምህርት ቤት ሌላ ወንበር አለ፤ በዋልተር ማየርስ ስም የሚጠራ የፓራሲቶሎጂ ወንበር። ማየርስ ገንዘብ የሰጠ ባለጸጋ አይደለም። ቢጫ ወባን ሊያጠና ብራዚል የተላከ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ያው የሚያጠናው በሽታ ይዞት እዚያው ሞተ። እንግዲህ ወንበር ለሁለት ዓይነት ሰው ይሰየማል ማለት ነው፤ ለሰጠውም፣ ሄዶ ላልተመለሰውም።

እኛስ? በአገራችን የፕሮፌሰር ደመወዝ የሚመጣው ከመንግሥት በጀት ስለሆነ የስም ወንበር ልማዱ ሥር አልሰደደም። ሰው ማክበር ግን እናውቅበታለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶቻችን በየቀኑ በእጃቸው የሚያሹት ነገር ለሳይንስ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋሙ በእሱ ስም ይጠራል። ከአገር ውጭ ያሉትም ወገኖቻችን እንደዚሁ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክል ጄርቨርስ የግዕዝ ትምህርት በቋሚነት እንዲሰጥ 50,000 ዶላር አውጥተው ጥሪ ሲያደርጉ፣ ከእናት ከአባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ በ2016 እ.ኤ.አ. ሌላ 50,000 ሰጠ። ኢትዮጵያውያኑም አዋጡ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ግዕዝ ቶሮንቶ ክፍል ገባ።

ከድንበሩ ማዶም እንይ። ከመተማ ዮሐንስ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ዶካ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የፕሮፌሰር ኤል ሐሰን የቆላ በሽታዎች ሕክምና ማዕከል ይገኛል። አሕመድ መሐመድ ኤል ሐሰን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሊቅ ነበሩ፤ ካላዛርን ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንተዋል። ስማቸው የተቀመጠው በዋና ከተማው አዳራሽ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሽታው ባለበት፣ ታማሚው በሚደርስበት ገጠር ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ቀናሁ፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ብዙ ሕዝብ በዚያው መንገድ ወደ መተማ አምጥቷል። ሳንድ ፍላይዋም ተውሳኩም ፓስፖርት አይጠይቁም። ማዶ ያለው ማዕከል የሚሠራውም የማይሠራውም ለእኛ ይደርሰናል።

"ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እኮ የሌይሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው" የሚለኝ ይኖራል። አዎ አለው፤ እንኮራበታለን። በአብደራፊም ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዓመታት ሠርቷል። አንዳንዶቻችሁ እዚያ ሌሊት ከቀን ሠርታችኋል። ዛሬ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ በ17 ቀን የሚሰጠው ሕክምና፣ ቀድሞ 30 ቀን ይወስድ የነበረውን ያሳጠረው፣ በምሥራቅ አፍሪካ በተሠራ ጥናት የተገኘ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ በምን ገንዘብ ቆመ? አብዛኛው በአጋር ድርጅትና በፕሮጀክት። አጋር ወዳጅ ነው፤ ግን ይሄዳል። የራሳችንን ታሪክ እንይ። ይህ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቆም የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖቹ አብረው ነበሩ። በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና ፋኩልቲው ሲከፈት የላይፕዚግ መምህራን መጡ። የላይፕዚጎቹ አገር፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ በ1990 ከካርታ ጠፋ። እኛ እዚሁ ነን።

ኮሌጁ ለምን ጎንደር እንደተከፈተም አንርሳ። በደምቢያ ሜዳ የገባው ወባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጅቶ ነበር። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ቡድን ሆነው ገጠር የሚወርዱበት ትምህርት የተቀየሰው ለዚህ ነው። ይህ ቤት የተወለደው በቆላ በሽታ ምክንያት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ሰው ሲያልቅ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ፤ ኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ነው የሚታመነው። ቆላ ላይ ያልታየ ስላይድ ደጋ ላይ መቃብር ይሆናል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች አዋጥተን በዚህ ዩኒቨርሲቲ አንድ የፕሮፌሰር ወንበር እናቁም፤ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ጤና ወንበር። ሦስት ሕግ ይኑረው።

አንደኛ፣ በወንበሩ የሚቀመጠው ሰው በየዓመቱ የሰሊጡ አጨዳ ካለቀ በኋላ ታማሚው በሚበዛበት ወራት ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ይቀመጣል። ጎንደር ሆኖ ስለ ቆላ የሚጽፍ ፕሮፌሰር አንፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከጤና ጣቢያዎቹ የላቦራቶሪና የነርስ ባለሙያዎች በየዓመቱ ሁለት ሁለት ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ያሠለጥናል። "የለም" ማለት የሚችሉ ሰዎች። በአብነት ትምህርት ቤት መምህር የሚመዘነው በተተኪው አይደል? እዚህም እንደዚያው ይሁን።

ሦስተኛ፣ በየዓመቱ በዚህ በዓል ላይ ቆሞ የሠራውን ይነግረናል። ወረቀት ስንት እንዳሳተመ ብቻ አይደለም፤ ስንት ሰው እንዳስተማረ፣ የት የት እንዳሉ።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። አንዱ መምህራችን ትናንት ማታ "ብር በባንክ አስቀምጠህ ፕሮፌሰር ልትቀጥር ነው? በአሥር ዓመት ውስጥ የሻይ ዋጋ ይሆንብሃል" አሉኝ። ልክ ናቸው። 10 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ ብናስቀምጥ በዓመት 700 ሺህ ብር ያስገኛል፤ የዋጋ ንረቱ ግን ዋናውን ከሥር ይበላዋል። ለዚህ ነው ሉካስ "ብሩን አስቀምጡ" ሳይሆን "መሬት ግዙ" ያለው። እኛም የሚከራይ ሕንፃ፣ አክሲዮን፣ ከውጭ ወገኖች የሚመጣውን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ መያዝን ማሰብ አለብን። ከገቢውም ሁሉንም አንበላም፤ ከፊሉ ወደ ዋናው ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ እንዲያስቡ የሚገደዱበት ዘመን እየመጣ ነው። ሕግና ሒሳብ ያጠናችሁ ልጆቻችን፣ ይህ የእናንተ የቤት ሥራ ነው። እኔ ስላይድ ነው የማውቀው።

ሌላው "አሁን ባለው ሁኔታ ማን ቆላ ይወርዳል?" ይላል። መንገዱ አንዳንዴ እንደሚዘጋ፣ ሰው እንደሚፈራ አውቃለሁ። ሰላሙ እንዲመጣ ሁላችንም እንጸልያለን። ግን የቀን ሠራተኛው ሰላም እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ዘንድሮም ወርዷል። ወንበር ደግሞ የአንድ ዓመት ነገር አይደለም። ዛሬ ብንጀምር እንኳ ገንዘቡ እስኪሞላ ዓመታት ይወስዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ገንዘቡ ከማን ይመጣል የሚለው ነው። የጆንስን ታሪክ የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ከመካከላችን ሰሊጥ ነጋዴዎች አሉ፤ ስም አልጠራም፤ ፈገግ ያላችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። መርከበኛው ሲታመምበት ነጋዴው ትምህርት ቤት አቆመ። የእናንተን ሰሊጥ የሚያጭደው እጅ የማን ነው? ያ የበለሳ ልጅ ያጨደው ሰሊጥ ከአገር ወጥቶ ተሽጧል። ዶላሩ ገብቷል። እሱ ግን አልገባም።

ባለጸጋ ላልሆነው ለአብዛኞቻችን ደግሞ የጎንደር እናቶች ምሳሌ ይበቃል። መሬቱ ሲወሰድ ወንበሩን ያቆመው ቁራሽ ነው። በየወሩ መቶ ብር የሚሰጡ ብዙ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ ሚሊዮን ሰጥቶ ከሚረሳ አንድ ሰው ይልቅ ወንበሩን የራሳቸው ያደርጉታል። ፕሮፌሰሩ ካልሠራ ይጠይቃሉ፣ ይቆጣሉ።

በማን ስም ይጠራ? ይህ ክርክር እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ እኛ ለስም ስንጣላ ሥራው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ብዙ የሰጠ ሰው ስሙ ይጻፍ ካለ አልቃወምም፤ ሉካስም ጆንስም ስማቸው ተጽፏል። ለእኔ ግን የማየርስ መንገድ ይበልጥብኛል። ከዚህ ግቢ ወጥተው ወደ ቆላ የወረዱ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖች፣ ሳኒታሪያኖች፣ የላቦራቶሪ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ በወባ እዚያው ቀርተዋል። ሌሎቹ እንደ ጋሼ በሰላም ጡረታ ወጥተው ማንም አላስታወሳቸውም። ወንበሩ በእነሱ በሁሉም ስም ቢጠራ፣ "በቆላ ያገለገሉ የጤና ባለሙያዎች ወንበር" ቢባል፣ ማንም አይጣላበትም።

ጋሼን ከሁለት ዓመት በፊት ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማይክሮስኮፕ ከእንግዲህ የለም። ያን ስላይድ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም "ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አንድ ዓመት ቀደም ብዬ ባስጀምርህ ኖሮ" አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ነው ይህ ነገር የሁለታችን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። እሳቸውም እኔም ያቅማችንን ሠርተናል። ያልነበረው ወንበሩ ነው።

እንግዲህ ጨረስኩ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሦስት ወር ጡረታዬን ጽፌያለሁ፤ ብዙ አይደለም፣ አትሳቁብኝ። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።